አንድ ክንድ ሶፍት

ለገሃር፣ ከታክሲው ሰልፍ ጀርባ፣
ሰማያዊ በር አለ፤ አምስት ብር ከፍሎ ነው ሰው የሚገባ።
ዘበኛዋም እኔ፣ ገንዘብ ያዧም እኔ፣ ጠራጊዋም እኔ፤
ስሜ ጥሩአየሁ ነው፤ "የሶፍቷ" ይለኛል የሚያልፈው በጎኔ።

ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ እለካለሁ በክንዴ፣
ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ፣ አንዴ።
ለነፍሰ ጡር ሁለት ክንድ፤ ላስተማሪ ክንድ ከስንዝር፤
ለደላላ ግን ክንዴ ያጥራል፤ እሱ ብር እንጂ ሶፍት አይቆጥር።

ካሁን በፊት ሆቴል ነበርኩ፣ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት፣
ስድስት ዓመት አልጋ ሳነጥፍ፣ ስፈትግ መታጠቢያ ቤት።
የዓለምን ካርታ እዚያ ነው የተማርኩት፣
በጂኦግራፊ አይደለም፤ እንግዶቹ በተዉት፣ በጠየቁት።

የካርቱሙ ነጋዴ፣ ሻንጣውን ገና ሳይፈታ፣
"ኢብሪቁስ የት አለ?" አለኝ በዚያው ማታ።
የሻይ ማንቆርቆሪያ አመጣሁለት ከኩሽና ሰርቄ፤
እሱ ሲመርቀኝ፣ ወጥ ቤቱ ሲረግመኝ፣ ወጣሁ ከመሃል ስቄ።

የፈረንሳይዋ እንግዳ፣ ወረቀቱ ሲያልቅባት፣
እየጮኸች ደወለች፤ ሮጬ ወጣሁ፣ እሳት የተነሳ መስሎኝ ከቤት።
"ውሃው እኮ አለ" አልኳት፣ በእጄ እያሳየሁ፤
ፊቷ ሲቀላ አየሁ።

የቻይናው መሐንዲስ የራሱን ይዞ ነው የሚዞር በኪሱ፣
ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል፤ "ቧንቧ ይደፍናል" ነው መልሱ።
ጀርመኑ ከዚያ ቅርጫት አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤
ህንዱ በጀርመኑ ይገረማል፦ "ጭቃ ቢነካህ፣ በደረቅ ወረቀት ይነሳል?"
ሁሉም በየበሩ ሌላውን ቆሻሻ ይላል፤
እኔ የሁሉንም ጠርጌያለሁ፤ አንድ ነው፤ ምን ይደረጋል።

እኛስ ብትሉኝ? ስሙን መጥራት እንኳ እናፍራለን፤
"ወገቤን ልሞክር"፣ "ወጣ ብዬ ልመለስ" እንላለን።
ጌጃ ሰፈር፣ ልጅ ሳለሁ፣ ላስራ አንድ አባወራ አንድ ጉድጓድ፣
ቁልፉ በሲባጎ ታስሮ የሚዞር፣ በልመና በግድ።
አባቴ ጋዜጣ ቆርጦ፣ ምስማር ላይ ከመስቀሉ በፊት፣
ያገላብጠው ነበር ደጋግሞ፣ የትልቅ ሰው ፎቶ እንዳይኖርበት።
ካለበት በመቀስ ያወጣና አጥፎ ያኖራል ሳጥን፤
እንዲያ ነው ሚኒስትሩን ሁሉ በመልክ እኔና እህቴ ያወቅን።
ጋዜጣ ያቆስላል። የደብተር ወረቀት ይብሳል።
የእህቴ የሒሳብ ፈተና ግን፣ ስታሸው ስለዋለች፣ ይለሰልሳል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ውሃ ከሄደ ሦስተኛው ቀን፣
በርሜሌ ታቹን ሲያሳይ፣ ዝንቡ ሲያስቸግረን፣
አንድ ሰውዬ መጣ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ፊቱ የጨነቀው፣
ባዶ ሃይላንድ፣ እንደ ጥፋት፣ ከጀርባው የደበቀው።
አንድ ክንድ ለካሁለት፤ በእጁ ገፋው። "ሞያ" አለኝ።
ሞያዬን የጠየቀኝ መስሎኝ፣ ትንሽ ከፋኝ።
ይኸው ሞያዬ፦ ወንበር፣ ጥቅል፣ መጥረጊያ፣ በረኪና።
ኋላ ነው የገባኝ፤ ውሃ ነው፣ በነሱ ቋንቋ ነውና።

ያ የሆቴሉ ሰውዬ ይሁን? ጺሙ ነጭ ነው፤ አላወቅሁት።
ያኛው የመጣው ለንግድ ነበር፤ ይሄኛው ከጦርነት።
አልጠየቅሁም። እዚያ በር ላይ የቆመን፣ ስሙን ማን ይጠይቀዋል?
የምጠጣት ውሃ ነበረች፣ ከምሳ ዕቃዬ ጎን፤ አንድ ሊትር ይሆናል።
ገልብጬ ሞላሁለት እስካንገቱ ሃይላንዱን፤
ገብቶ በሩን ሳበው፤ መቀርቀሪያ የለውም፤ ያዝኩለት እጀታውን።
ከኋላ የተሰለፉት "ምን ሊያደርግ ነው?" ሲሉ፣
"በየአገሩ ነው" አልኳቸው፤ "ዝም በሉ።"

ሲወጣ አምስት ብሩን ዘረጋ፤ ሃይላንዱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል፤
"እጅሽን" አለኝ በምልክት፤ እኔም አልታጠብኩም ሦስት ቀን፤ አይቷል።
አፈሰሰልኝ፣ ቀስ አድርጎ፣ ጠብታ ሳያባክን፤
ከጣቴ ጫፍ እስከ ክርኔ አራሰው፣ ሶፍት የምለካበትን ክንዴን።

"የሶፍቷ! ፍጠኚ እንጂ!" አለ ቀጣዩ፣ ሆዱን ይዞ።
"ቆይ፣ እጄ ይድረቅ፤ ሶፍት አይለካም በርጥብ ክንድ ተይዞ።"